ከሰው መቃብር ላይ ያነሳነው ድንጋይ

ኮረብታዋን መጀመሪያ ያየናት ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ በጭነት መኪና ተጭነን ስንመጣ ነው። ከአሰብ መንገድ ራቅ ብላ ሜዳው መሀል ብቻዋን ቆማለች። ሣር የላት፣ ዛፍ የላት። ወታደሩ ወዲያው «ራቁቷ» አላት፤ በዚያው ቀረ። የአገሩ ሰዎች የራሳቸው ስም እንዳወጡላት የሰማሁት ከዓመታት በኋላ ነው። ያኔ የጠየቀ አልነበረም።

ይህን ለመጻፍ የተነሳሁት የልጅ ልጄ ከጓደኞቿ ጋር በረሃ ወርዳ ተራራ ልትወጣ መሆኑን ስለነገረችኝ ነው። ለመዝናናት! በእኛ ጊዜ ተራራ የሚወጣው ሲታዘዙ ነበር። «አባባ፣ እንዲህ ያለ ቦታ ፈቃድ የሚሰጠው ማነው?» ብላ ጠየቀችኝ። ሳል ያዘኝ ብዬ ወሬውን ቀየርኩት። እዚያች ኮረብታ ላይ ሁለት ጊዜ ወጥቻለሁ፤ አንዴ በጠመንጃ፣ አንዴ በደብዳቤ። ሁለቱንም ጊዜ የያዝኩት ነገር አልጠቀመኝም።

ዘመኑ የደርግ ነው። እኔ የቦሌ ልጅ ነኝ፤ አባቴ የመንግሥት ሠራተኛ ነበር። በእኔ በአስር አለቃው ሥር ከነበሩት አንዱ ግርማ በዳዳ የሚባል የገርጂ ልጅ ነው። ዛሬ ገርጂን በፎቆቿ የምታውቁ ላታምኑኝ ትችላላችሁ፤ ያኔ ገብስና ጤፍ የሚታጨድበት ገጠር ነበር። የግርማ አባት ጋሽ በዳዳም እዚያው ገበሬ ነበሩ። ከእኛ ቤት እስከ እነሱ ቤት በእግር አንድ ሰዓት ቢፈጅ ነው፤ እኔና ግርማ የተዋወቅነው ግን ማሠልጠኛ ገብተን ነው። ሲስቅ ከፊት የተሸረፈች ጥርሱ ትታያለች። በሬ ወግቶት ነው ይላል፤ ጓደኞቹ ደግሞ ከበሬው ጋር ሊሳሳም ሲል ነው ይሉታል።

ትእዛዙ አጭር ነበር። ኮረብታዋ ጫፍ ላይ ሬዲዮ ይዞ መቀመጥና የነዳጅ ቦቴዎች የሚያልፉበትን መንገድ መጠበቅ። ሃያ ሦስት ነበርን። መሪያችን ገና ከትምህርት ቤት የወጣ የመቶ አለቃ ነው። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ቸኳይ ነበር።

ከኮረብታዋ ግርጌ የአፋር ሰዎች ከግመልና ከፍየሎቻቸው ጋር ሰፍረው አገኘናቸው። ሽማግሌያቸው ሁመድ የሚባሉ ረጅም፣ ቀጭን ሰው ናቸው። አስተርጓሚያችን ያሲን መንገድ ዳር ሻይ ቤት ያለው፣ አማርኛውን ከከባድ መኪና ሾፌሮች የለቀመ ሰው ነው። ሽማግሌው መሬት ላይ ተቀመጡና እኛም እንድንቀመጥ በእጃቸው አመለከቱን።

«ዳጉ ነው» አለ ያሲን። «መጀመሪያ ወሬ መለዋወጥ ነው። ከየት መጣህ፣ መንገድ ላይ ምን አየህ፣ ዝናብ የት ጣለ፣ ማን ሞተ፤ ያየኸውን ሁሉ ትናገራለህ። ውሸት አይገባበትም። ጉዳይ የሚነሳው ከዚያ በኋላ ነው።»

የመቶ አለቃው ሰዓቱን አየና ከኪሱ ወረቀት አወጣ። «ጊዜ የለንም። መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው በለው። አዋጁ ይኸውና። የማንም ፈቃድ አያስፈልገንም።»

ያሲን ይህን እንዴት አድርጎ እንዳቀረበው አላውቅም፤ የእሱ ንግግር ከመቶ አለቃው በጣም አጠረ። ሽማግሌው ወረቀቱን በእጃቸው አልነኩትም። በቀስታ ተናገሩ። ያሲን ወደ እኛ ዞረ።

«እንግዳ ናችሁ፤ ውሃ በየማለዳው በግመል እንልክላችኋለን ይላል። ከላይ ያሉት ግን አባቶቻችን ናቸው። የእነሱን ድንጋይ አትንኩ፤ ይኼንን ብቻ።»

«እሺ በለው» አለ የመቶ አለቃው፣ ወረቀቱን እያጠፈ።

የውሃው ጉድጓድ ከዚያ የሁለት ሰዓት መንገድ ነው፤ በየትኛው ሸለቆ እንዳለ የሚያውቁት እነሱ ብቻ ነበሩ። ያኔ ይህ ነገር አላሳሰበንም።

በማግስቱ ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ መውጣት ጀመርን። ድንጋዩ ጥቁር ነው፤ ፀሐይ ከወጣች በኋላ ሙቀቱ በጫማ ሶል ውስጥ ያልፋል። የአምስት ሰዓት መንገድ ወጥተን ጫፍ ስንደርስ ያገኘነው ጠፍጣፋ አለትና አሥራ ሰባት የድንጋይ ክምር ነው። ክምሮቹ ከሰው ወገብ ይበልጣሉ፤ እያንዳንዱ ድንጋይ ተመርጦ፣ ታስቦበት የተቀመጠ ነው። ከእነሱ ሌላ የሚነሳ ነገር የለም። አካፋ ብንመታው ብልጭታ ብቻ ወጣ። የምንጠለልበት ጉድጓድ ልንቆፍር አልቻልንም።

የመቶ አለቃው ዙሪያውን ቃኝቶ፣ ዓይኑን ክምሮቹ ላይ አሳረፈ።

«አስር አለቃ፣ ሳይመሽ ምሽግ ይሠራ።»

«በምን?» አልኩት።

መልስ ሳይሰጠኝ ሬዲዮው ወዳለበት ሄደ። ለብዙ ዓመት «እሱ ነው ያዘዘኝ» ስል ኖሬአለሁ። እሱ ግን ከመቃብሩ ውሰድ አላለኝም። ያን ቃል የተናገርኩት እኔ ነኝ።

ግርማ እጁን አጣጥፎ ቆመ። «አስር አለቃ፣ ይኼ እኮ መቃብር ነው። ሰውዬው ትናንት ለምነውን አልነበር? እኔ አልነካም።»

«ጥይት ሲመጣ በምን ትከለላለህ?»

«በምንም አልከለል።»

«ግርማ፣ ትእዛዝ ነው።»

አየኝ። ከዚያ ጎንበስ አለ። የላይ የላዩን ብቻ እንወስዳለን፣ ስንሄድ እንመልሰዋለን ብለን ነው የጀመርነው። ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ምሽጉ እስከ ደረታችን ደርሶ ነበር። ከአሥራ ሰባቱ ክምር አሥራ አንዱ መሬት ነካ።

በነጋታው ማለዳ ግመሎቹ ውሃ ጭነው ሲመጡ ከላይ አየናቸው። ግማሽ መንገድ ላይ ቆሙ። ሁመድ ከፊት ነበሩ፤ ቀና ብለው ወደ ጫፉ ተመለከቱ። ከዚያ ሆኖ የክምሮቹ አናት በግልጽ ይታይ ነበር፤ አሁን ግን አብዛኞቹ የሉም። ግመሎቹን አዞሯቸው። አልጮኹም፣ አልተሳደቡም። ረፋድ ላይ ጎጆዎቻቸው ተጠቅልለው ተጫኑ፤ ከብቱም ሰዉም ሄደ። ቢተኩሱብን ይሻለን ነበር፤ ለተኩስ መልስ አለን።

በሬዲዮ ጠራን። «ውሃ የለንም።»

«ቦታችሁን ያዙ» የሚል መልስ መጣ።

ከሰዓት በኋላ ደግመን ጠራን። ያው ነው።

በሦስተኛው ቀን ሊነጋጋ ሲል ተጠቃን። ያኔ በነበረው አጠራር «ወንበዴ» የምንላቸው ናቸው። ከሰሜን በኩል መጡ። ግማሽ ሰዓት ተታኮስን። መለስናቸው። አራት ሰው ሞተብን፤ መትረየስ ተኳሹ ታደሰ፣ ቀጮ የምንለው የጎጃም ልጅ፣ ሰይድና ወንድወሰን። ለመቅበር የሚቆፈር መሬት ስለሌለ ከምሽጋችን ድንጋይ ቀንሰን ከላያቸው ከመርን። የመቃብር ድንጋይ ተመልሶ መቃብር ላይ ሆነ፤ ሰዉ ብቻ ተለወጠ።

በአራተኛው ቀን ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ሞርታር ጣሉብን። ግርማን ፍንጣሪ ታፋው ላይ መታው። ደሙን አሰርንለት። ቁስሉ ራሱ የሚገድል አልነበረም፤ አሁንም እንዲህ ነው የማምነው። ደም የፈሰሰው ሰው ግን ውሃ ይፈልጋል፤ በቀረነው በአሥራ ዘጠኛችን ኮዳ ውስጥ አንድ ጉንጭ አልነበረም። ደረቁ የጦር ብስኩት፣ ኮቾሮው፣ እንደሆነ ጉሮሮ አይወርድም።

«አስር አለቃ፣ ውሃ» ይላል።

«እየመጣ ነው።»

«ከየት?»

 ባዶ ኮዳዬን አፉ ላይ ያዝኩለት። ለምን እንዲህ እንዳደረግኩ እስከ ዛሬ አላውቅም። በአምስተኛው ቀን ከጠዋቱ አምስት ሰዓት ላይ ሞተ። የዚያኑ ዕለት አዳሙ የሬዲዮ ሠራተኛውና መምህር ይሆን የነበረው ልጅ፣ «መምህሩ» እያልን እንጠራው የነበረው፣ በውሃ ጥም ሞቱ። ሰባት ሆኑ።

በስድስተኛው ቀን «ውረዱ» ተባልን። ሃያ ሦስት ወጥተን አሥራ ስድስት ወረድን። በእነዚያ ስድስት ቀናት በመንገዱ ላይ አንድም ቦቴ አላለፈም።

እኔ በሌላ ግንባር ጉልበቴን ተመትቼ ተሰናበትኩና ቦሌ አካባቢ የአንድ መጋዘን ጥበቃ ሆንኩ። ጋሽ በዳዳ የልጃቸውን መሞት ከሰሙ በኋላ በየወሩ እየመጡ መጋዘኑ በር ላይ ይቆማሉ። የሚጠይቁኝ አንድ ነገር ነው።

«የት ነው የተኛው?»

የግርማ እናት እማማ ጫልቱ ልቅሶ አልቀመጥም ብለው ነበር። ዕድርተኛው ድንኳን ሊተክል ቢመጣ መልሰውታል። «አፅሙን አምጡልኝና እናቱ አጠገቡ ሆና ይቀበር፤ ያኔ አለቅሳለሁ» አሉ። ሦስት ዓመት ሙሉ እንባ አላፈሰሱም። ጎረቤት ፈራቸው። ጋሽ በዳዳ የፈለጉት ይህንን ነው፤ የልጃቸውን አፅም አምጥተው እናትየዋን ማስለቀስ። እኔ ደግሞ ኮረብታዋን የማውቅ ሰው ነኝ፤ እምቢ የምልበት አፍ አልነበረኝም። ስለ ድንጋዩ ግን አልነገርኳቸውም። ተመትቶ ሞተ ብያቸው ነበር፤ አልዋሸሁም፣ ግን ጨርሼም አልተናገርኩም።

ፈቃድ ፍለጋው ሌላ ዘመቻ ነው። የገበሬ ማኅበሩ ወደ ቀበሌ፣ ቀበሌው ወደ ከፍተኛው ጽሕፈት ቤት፣ ከፍተኛው ወደ ጦር ክፍል ላከን። የይለፍ ወረቀት ሲገኝ ደብዳቤው ጊዜው ያልፍበታል፤ ደብዳቤው ሲታደስ የይለፍ ወረቀቱ። በመጨረሻ በበረሃው የጦር ሰፈር የነበረ አንድ ሻለቃ ፊርማውን አኖረልን።

«ሁለት ወታደር እሰጣችኋለሁ» አለን ቢሮው ስንደርስ። «ቆፍራችሁ ያዙና ውረዱ። መሬቱ የመንግሥት ነው፤ ማንንም መጠየቅ የለባችሁም።»

ጋሽ በዳዳ ባርኔጣቸውን አወለቁ። «ጌታዬ፣ ወታደሩ ይቅርብኝ። ባለቤቶቹን ሳልጠይቅ አልወጣም።»

«ባለቤት የለውም አልኩዎ እኮ፣ አባት።»

«ቀያሾቹም እኔ ማሳ ላይ እንዲሁ ብለው ነው የገቡት። ገብሱ እንደቆመ ሜትር ዘረጉበት። ወረቀት ይዘዋል፤ ‹እንዴት አደርክ› ያለኝ ግን የለም።»

በጠረጴዛው ሥር እግራቸውን ረገጥኳቸው። እንዲህ ያለ ነገር በዚያ ዘመን፣ በዚያ ቢሮ አይነገርም። ሻለቃው እንዳልሰማ ሆኖ ማኅተሙን መታ፤ ጨዋ ሰው ነበር።

ያሲን ሻይ ቤቱን አስፍቶ አገኘነው። ሁመድን ያገኘናቸው በሁለተኛው ቀን፣ ከኮረብታዋ ብዙም ሳይርቅ ነው። አርጅተዋል። አወቁኝ፤ ፊታቸው ግን አልተለወጠም። መሬት ላይ ተቀመጡና በእጃቸው አመለከቱን።

ጋሽ በዳዳ ዳጉን ወደዱት። እግራቸውን አጣጥፈው ተቀመጡና ከገርጂ እስከዚያ ያዩትን አንድ በአንድ ተረኩ። ዝናቡ ዘንድሮ እንደዘገየ፣ ናዝሬት ላይ አውቶቡሱ እንደተበላሸ፣ የጎረቤታቸው ላም መንታ እንደወለደች፣ ልጃቸው እንደሞተ። ሁመድ በየመሀሉ አጭር ድምፅ እያሰሙ ያዳምጣሉ። ሁለት ሽማግሌ ገበያ ውለው የተገናኙ ይመስላሉ። ከዚያ ሁመድ ፊታቸውን ወደ እኔ አዞሩ።

«ያንተ ተራ ነው» አለ ያሲን። «ምን አየህ?»

አውቶቡስ ላይ ቃላት አዘጋጅቼ ነበር፤ «ጦርነት ነው፣ ታዘን ነው» የሚል። ያሲን ዓይን ዓይኔን ያያል። ከጎኔ ጋሽ በዳዳ ተቀምጠዋል፤ ለእሳቸው አስተርጓሚ አያስፈልጋቸውም።  ቀስ ብዬ ጀመርኩና ሁሉንም ተናገርኩ። ድንጋዩ እንዲነሳ ያዘዝኩት እኔ እንደሆንኩ። ግርማ አልነካም ብሎ እንደነበር። እንዳስገደድኩት። ውሃው የቀረው በዚያ እንደሆነ፣ ግርማም ውሃ እያለ እንደሞተ።

ያሲን ተርጉሞ ጨረሰ። ጋሽ በዳዳ ወደ እኔ አላዩም፤ የሚያዩት አሸዋውን ነው።

«እምቢ ብሎ ነበር?» አሉ።

«ብሎ ነበር፣ ጋሼ።»

«ከዚያ አነሳ?»

«አነሳ።»

ሌላ አልጠየቁኝም። አሁን ተራው የሁመድ ነበር። እሳቸውም ያዩትን ተናገሩ፤ ያሲን ቃል በቃል አቀበለን።

«ከሄዳችሁ በኋላ ወጣን። አባቶቻችን ተራቁተው ነበር። ድንጋያችንን ለቀምን። ግማሹ ምሽግ ላይ ነው፣ ግማሹ በእናንተ ሰዎች ላይ። ከሰዎቻችሁም ላይ አነሳን። ፀሐይ ላይ ልንተዋቸው አልቻልንም፤ ሰው ናቸው። በምሥራቅ በኩል ባለው የአለት ስንጥቅ ውስጥ አንድ ላይ አስተኛናቸው፤ ጠጠር አለበስናቸው። ሰባት ነበሩ። ማን ማን እንደሆነ አናውቅም። ስንደርስ ብዙ ቀን ሆኗቸው ነበር።»

ጋሽ በዳዳ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አኖሩ።  «መውጣት እችላለሁ?» አሉ።

«አንተ ውጣ» አሉ ሁመድ። «አንተ አልነካኸንም።» ከዚያ ወደ እኔ፣ «አንተም ውጣ፤ መንገዱን ታውቃለህ። እጅህ ግን ድንጋይ አይንካ።»

ጋሽ በዳዳ ከእኔ በሃያ አምስት ዓመት ይበልጡኛል። በጎማ ጫማ ወጡ። እኔ በሰንካላ ጉልበቴ ከኋላ እከተላለሁ፤ አለት ልደገፍ ስል እጄን እሰበስባለሁ። አንዳንዴ በአራት እግር መውጣት ያለብኝ ቦታ ላይ ቆሜ እቀራለሁ፤ ያሲን ጎትቶ ያወጣኛል። ጋሽ በዳዳ ወደ ኋላ አልዞሩም።

ጫፉ ላይ አሥራ ሰባቱ ክምር ሙሉ ለሙሉ ቆመዋል። ያንን ጥፋት ያየሁት በሕልሜ ይሁን ብዬ ለአፍታ አሰብኩ። በምሥራቅ በኩል ያለው ስንጥቅ ግን ነበር፤ በጥቁር ጠጠር ተሞልቷል። ርዝመቱ ሦስት ሰው ቢያስተኛ ነው።

«የትኛው ጋ ነው?» አሉ ጋሽ በዳዳ።

«አላውቅም፣ ጋሼ።»

«ጥርሱ ከፊት የተሸረፈ ነው።»

«አዎ።»

ተንበረከኩ። ያሲን ራቅ ብሎ ጀርባውን ሰጥቶን ተቀመጠ፤ የሚከለክል አልነበረም። ደብዳቤውም ኪሳችን ውስጥ ነው። በሁለት እጃቸው ጠጠሩን ገለጥ አደረጉ፤ እንደገና ገለጥ አደረጉ። እጃቸው ክርን ድረስ ሲገባ አጥንት አገኙ። የክንድ አጥንት ነው። ያዙት፣ አገላበጡት። የማን እንደሆነ ምን ይነግራቸዋል? ወደ እኔ ቀና አሉ። የልጅ ፊት የመሰለ ፊት ነበር፤ አንድ ሰው መጥቶ እንዲነግራቸው የሚጠብቁ ይመስላሉ።  አጥንቱን እንደነበረ መለሱና ጠጠሩን በመዳፋቸው አስተካከሉ።

«የሰው ልጅ ወስጄ ልጅሽ ነው ልበላት?» አሉ ለራሳቸው። ያኔ አለቀሱ። እኔም አለቀስኩ፤ ግን ከራቀ ቦታ ሆኜ፣ መቅረብ አፍሬ።

ቆይተው «የሁሉንም ስም ንገረኝ» አሉኝ። ቆጠርኩላቸው። ታደሰ፣ ወንድወሰን፣ አዳሙ፣ ሰይድ፣ ቀጮ፣ መምህሩ፣ ግርማ።

«ቀጮ ስም ነው?»

«ሌላ ስሙን ረስቼዋለሁ።»

«ስመ ክርስትናቸውስ?»

የማንንም አላውቅም ነበር። በእኛ ጦር ክርስትና የሚጠየቅበት ጊዜ አልነበረም። የሰይድን እስላምነት እንኳን ያወቅኩት በስሙ ነው። ያለ ክርስትና ስም ቄስ ፍትሐት እንደማይፈታ ጋሽ በዳዳ ያውቃሉ። ነጠላቸውን አደግድገው ቆሙ።

«ያ ዋቃ» አሉ፣ አምላክን በኦሮምኛ ጠርተው። «ኃይለ ሚካኤል ልጄ ነው፤ ማርልኝ።» የግርማ የክርስትና ስሙ ነው። ከዚያ እያንዳንዱን በጣታቸው እየቆጠሩ ስድስት ጊዜ፣ «ይኼንንም ማርልኝ፤ ስሙን አንተ ታውቀዋለህ» አሉ። 

ገርጂ ስንደርስ ለእማማ ጫልቱ የነገሯቸው እሳቸው ናቸው። እኔ ውጪ ቆምኩ። ጩኸት እስኪሰማ ጠበቅኩ፤ አልተሰማም። እማማ ጫልቱ እስኪሞቱ ድረስ ልቅሶ አልተቀመጡም፤ ድንኳኑም አልተተከለም። ጋሽ በዳዳም ስለዚያ ጉዞ አላነሱብኝም። መንገድ ላይ ስንገናኝ ሰላም ይሉኛል፤ የቤተሰብ ደህንነት ይጠይቁኛል፤ ያልፋሉ። ቢሰድቡኝ ደስ ይለኝ ነበር።

ማሳቸው ላይ ቤት ተሠርቶ ካለቀ በኋላ ነው የታመሙት። ልጠይቃቸው ሄድኩ። ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው በተኙበት አልጋ ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ።  ልነሳ ስል እጄን ያዙኝ።

«ያ ድንጋይ» አሉኝ፣ «ከባድ ነበር?»

«ከባድ ነበር፣ ጋሼ።»

«ብቻውን ነው ያነሳው?»

«አይደለም» አልኳቸው። «በአንድ በኩል እኔ ይዤለት ነበር።»

እጄን አልለቀቁትም። ይቅር ብለውኝ ይሁን፣ ወይ ጉልበት አንሷቸው እንደሆነ አላወቅኩም። እስኪመሽ እዚያው ተቀመጥኩ።